የማይበወዝ ካርታ

ከባለቤቴ ከታከለ ጋር መጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር ካርታ መጫወት ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ። ካርታውን በእጁ ይዞ እንደ ልማዱ «ዘር ስጪኝ» አለኝ። «ሰባት» አልሁት። ሰባት ጊዜ በወዘ። አራተኛው ላይ ከእጁ አምልጦ ጥቂቱ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ለቅሜ ሰጠሁት፤ ካቆመበት ቀጠለ። ለሁለታችን አደለ። የራሱን ገለጥ አድርጎ አየና «ይኸስ የሚረባ አይደለም፤ ነገ እንጨርሰዋለን» ብሎ ደፍቶ አስቀመጠው። ረቡዕ ጠዋት ሆስፒታል ገባ። ከዚያ አልተመለሰም።

«ዘር ስጪኝ» ማለት «ቁጥር ጥሪልኝ፣ በጠራሽው ልክ ልበውዝ» ማለት ነው። እንዲህ የሚባልበት ሌላ ቤት አላውቅም። እንግዳ ፊት ሲለው አፍር ነበር። አነጋገሩ የመጣው ከሥራዬ ነው፤ ስለዚህ የቀድሞ ባልደረቦቼ ስለ ሥራ ዘመኔ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ሌላ መነሻ አጣሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ ወረቀቱን አነሳዋለሁ።

በውሃ ጥናት መሥሪያ ቤት የተቀጠርሁት በታይፒስትነት ነው። የመጀመሪያው ቀን የጽሕፈት ክፍሉ አለቃ እትዬ ውድነሽ አንድ ገጽ ደብዳቤ በአራት ኮፒ እንድመታ ሰጡኝ። አራት ወረቀት፣ በመካከላቸው ሦስት ካርቦን። ጨርሼ ስሰጣቸው የላይኛውን አላዩትም። አራተኛውን መዝዘው ወደ መስኮቱ ያዙት። አንድ ፊደል ተሳስቼ በላጲስ አርሜ ነበር፤ እርማቱ የላይኛው ላይ ብቻ ሆኖ ከታች ያለው እንደተሳሳተ ቀርቷል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንደኛውና አራተኛው ከተለያዩ አንዱ ውሸት ነው።»

ይህን አልረሳሁም። ለታይፒስት ትክክል ሥራ ማለት ስንት ጊዜ ቢያወጡት ያው የሚሆን ሥራ ነው። እንዲህ ብዬ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣብኝም ይኸው ትምህርት ነው።

ታከለ እዚያው መሥሪያ ቤት ቀያሽ ነበር። ጀልባ ላይ ሆኖ የጣናን ጥልቀት በገመድ በታሰረ ቱንቢ ይለካል። ገመዱ ላይ በየሜትሩ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። የለካውን በደብተር ጽፎ ያመጣልኛል፤ እኔ እመታለሁ። እሱ የጻፈውን ሰባት ከአንድ መለየት ስለማልችል በየቀኑ ክፍሉ ድረስ እየሄድሁ እጠይቀው ነበር። ኋላ ሆን ብሎ ነው እንዲያ የሚጽፈው አሉኝ። ተጋባን።

ኮምፒዩተሩ የመጣው በሰባዎቹ መጨረሻ ነው። አንድ ብቻ ነበር። ለብቻው ክፍል ተሰጠው፤ መጋረጃ ተሰቀለለት፤ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባ ነበር። አብረውት አቶ ዳኛቸው የሚባሉ በውጭ አገር የተማሩ ሰው ከአዲስ አበባ ተመደቡ። ሥራቸው የሐይቁን ልኬት በማሽኑ ማስላትና አንድ ሰው ማሠልጠን ነው። ኪቦርድ ሳታይ የምትመታ ማን ናት ብለው ጠየቁ፤ እኔን ጠሩኝ።

«ማሽኑ ብልህ እንዳይመስልሽ» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን። «የነገርሽውን ብቻ ያደርጋል። ያልነገርሽውን አያደርግም።»

ትእዛዙ በመስመር ይጻፋል፤ እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው። ቁጥሩ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ ይሄዳል። ለምን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እንደማይባል ጠየቅሁ። «በመካከል የረሳሽው ይኖራል» አሉኝ። «ለእሱ ቦታ ተዪለት።»

መጀመሪያ ሁለት ቁጥር መደመር ተማርሁ። ቀጥሎ የአንድ ወር ልኬት አማካይ ማውጣት። ይህን ስጨርስ አቶ ዳኛቸው «ካርታ ትጫወቻለሽ?» አሉኝ። አፈርሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በእኛ ቤት ካርታ የሰይጣን ዳዊት ነው የሚባለው። ከታከለ ነው የተማርሁት። «ትንሽ» አልሁ።

«እንግዲያው መልመጃሽ እሱ ነው። ማሽኑ ሃምሳ ሁለቱን ካርታ ይበውዝ፤ ለሁለት ሰው ያድል፤ ሁለቱም አንድ አንድ ይገልጣሉ፤ የበለጠ ይወስዳል። ሌላ የለውም።»

ይህ «ሌላ የለውም» የተባለው ጨዋታ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ማሽኑ አማርኛ ፊደል ስለሌለው ሁሉን በላቲን ፊደል ነበር የምጽፈው። ፕሮግራሙን «ካርታ» አልሁት። ለዕጣ ቁጥር የሚያወጣ ትእዛዝ አለው፤ ከአንድ እስከ ሃምሳ ሁለት አንድ ቁጥር ያወጣል፤ እኔ ቁጥሩን ወደ ካርታ እመልሰዋለሁ። ለሥዕሎቹ ስም ያወጣው ታከለ ነው። በምሳ ሰዓት ጫማውን አውልቆ ገብቶ ከኋላዬ ይቆማል። ዘውድ የጫነውን ንጉሥ አለው፤ ሴቲቱን ንግሥት፤ ጎራዴ የያዘውን ወታደር። አስ የሁሉ የበላይ ነው።

መጀመሪያ ሳስነሳው ንጉሥ ሰባት ጊዜ ወጣ። አራት ነው መሆን ያለበት።

«ይኸማ ዘመነ መሳፍንት ነው» አለ ታከለ።

ማሽኑ የታደለውን ካርታ እንደገና እንዳያድል መከልከል እንዳለብኝ ለመረዳት ሳምንት ወሰደብኝ። ሰው ካርታ ሲያድል የሰጠው ከእጁ ይወጣል፤ ይህን ማንም ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ለማሽኑ ግን መናገር ነበረብኝ።

በመጨረሻ ሠራ። ሁለቱ ተጫዋቾች ጥሩወርቅና ታከለ ናቸው፤ እኔና እሱ። በየመስመሩ የእሱን ካርታ፣ የእኔን ካርታ፣ ያሸነፈውንም ያወጣል። ሃያ ስድስት መስመር ነው። እኔ አሥራ ሦስት አሸነፍሁ፤ እሱ አሥራ አንድ፤ ሁለቱ እኩል። በፕሪንተር አውጥቼ ጠርዙ ላይ ቀኑን ጻፍሁበት። አቶ ዳኛቸው አይተው «ጎሽ፤ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ስመለስ አሳይሻለሁ» አሉና ለመለዋወጫ ዕቃ አዲስ አበባ ሄዱ።

በሳምንቱ እንደገና አወጣሁት። እንደገና እኔ አሸነፍሁ። «ይህ ማሽን ሚስቴን ይወዳል» አለ ታከለ። ሁለቱን ወረቀት አስተያይቼ አላየሁም። ባይም ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ምንም አይመስለኝም ነበር።

ያን ጊዜ ወረቀት ችግር ነበር። ታከለ ሁለቱን ወረቀት ይዟቸው ሄደ፤ ጀርባቸው ባዶ ነው። በይፋግ በኩል ባለው ዳርቻ የለካውን ጥልቀት ጻፈባቸው።

ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጀልባ ነጂው ይማም መሥሪያ ቤት በር ላይ አስጠራኝ። ሸሚዙ ርጥብ ነበር።

«እትዬ፣ ታከለን ወደብ ላይ አስቀሩት።»

«ማን?»

«ጠባቂዎቹ። ቦርሳውን ፈተሹ። ካርታ ተገኘበት አሉ።»

«ካርታ ብቻ?»

«ካርታ ብቻ ያንስሻል?» አለኝ ይማም ተገርሞ።

ታከለ ሥራ ላይ ካርታ ይጫወት እንደነበር አላውቅም ነበር። ቤት ሄጄ ማጫወቻ ካርታችንን ከመሳቢያ አወጣሁና ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበርሁት። ቁማር ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ ጓድ በለጠ አስጠሩኝ። የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ካድሬ ናቸው። ቀድሞ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ማናቸውንም ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚያነቡት።

«ጓድ ጥሩወርቅ፣ ታከለ ከያዘው ሌላ ካርታ አለ?»

«አለ።»

«የት?»

«ቤት ነው። ጤፍ ጆንያ ውስጥ ደብቄዋለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሁለት። ጆከሮቹን ሳልቆጥር።»

«ሃምሳ ሁለት» አሉ ቀስ ብለው። «የየት አገር?»

«የቻይና ይመስለኛል። ሣጥኑ ላይ እንዲያ ይላል።»

ሰው ላኩ። ካርታው ጤፍ እንደለበሰ መጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ። አንዱን አንስተው እፍ አሉት። የልብ ሦስት ነበር።

«ይህን ነው ካርታ የምትይው?»

«ሌላ ካርታ አለ?» አልሁ።

ያን ጊዜ ነው እሳቸው ስለ አገር ካርታ፣ እኔ ስለ መጫወቻ ካርታ ስናወራ እንደቆየን የገባኝ። ሳቄ ሊመጣ ነበር። እሳቸው አልሳቁም። መሳቢያ ከፍተው ሁለቱን ወረቀት አወጡ።

«እዚህ ላይ ካርታ ይላል። ጀርባው ላይ የሐይቁ ጥልቀት አለ።»

«ጀርባው የታከለ ሥራ ነው። ፊቱ የእኔ መልመጃ ነው። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ።» መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ንጉሥ፣ ወታደር፣ ታከለ በለጠ። ባለቤትሽ የማን ልጅ ነው?»

«የአበጀ።»

«ታዲያ ታከለ በለጠ ማነው? እኔ ታከለ የሚባል ልጅ የለኝም። ስሜ እዚህ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ቆጥሬዋለሁ።»

ድምፃቸው ሲቀጥን ሰማሁ። የፈራሁት እኔ ብቻ የመሰለኝ እስከዚያ ነው።

«ስምዎ አይደለም ጓድ። በለጠ ማለት አሸነፈ ለማለት ነው።»

«እንግዲህ ንጉሥ ወታደርን አሸነፈ ነው የምትይው?»

«በካርታ እንዲያ ነው።»

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ቀስ በይ» አሉኝ።

«ከፈለጉ ንጉሥን በሌላ ስም እተካዋለሁ። ሊቀመንበር ልበለው?»

«እሱን የሚበልጥ ካርታ አለ?»

«አስ ይበልጠዋል።»

«ተዪው» አሉ ወዲያው። «ንጉሡ እንዳለ ይቆይ።»

ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ወደ እኔ አዞሯቸው። የተለያየ ቀን የተጻፈባቸው ናቸው።

«እኔም ካርታ እጫወታለሁ ጥሩወርቅ። ሃያ ዓመት ተጫውቻለሁ። አንድ ዓይነት እጅ ሁለት ቀን ደርሶኝ አያውቅም። እስቲ እነዚህን አስተያዪ።»

አስተያየሁ። ከመጀመሪያው እስከ ሃያ ስድስተኛው መስመር አንድ ናቸው።

«ያው ነው» አልሁ። «ፕሮግራሙ ያው ስለሆነ ነው። ያው መሆኑ ትክክል መሆኑን ያሳያል።»

«ጨዋታ ከሆነ መለያየት አለበት። ካልተለያየ ጨዋታ አይደለም። መልእክት ነው።»

እትዬ ውድነሽ ያስተማሩኝ የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አንደኛውና አራተኛው ከተለያዩ አንዱ ውሸት ነው። አሁን ደግሞ ስላልተለያዩ ነው ውሸታም የሆንሁት። ይባስ ብሎ ጓድ በለጠ ልክ ነበሩ። የተበወዘ ካርታ ሁለት ጊዜ አንድ ሆኖ አይወጣም። ይህን ማንም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ማሽኑ ፊት ስቀመጥ ግን ታይፒስት ነበርሁ።

«እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ» አሉ። «ጨዋታ መሆኑን ዓርብ ካሳየሽኝ እንዲያ ብዬ እጽፋለሁ። ካላሳየሽኝ ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ታከለም ከወረቀቱ ጋር ይሄዳል።»

አቶ ዳኛቸው አዲስ አበባ የት እንዳረፉ የሚያውቅ አልነበረም። መመሪያ መጽሐፉ ብቻ ነበረኝ፤ እሱም እንግሊዝኛ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ሳልረዳው አሳምሬ የምመታው ዓይነት ነው።

ረቡዕን የፈጀሁት በከንቱ ነው። ማሽኑ በደንብ አልበወዘው ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ እንዲበውዝ አደረግሁት። ውጤቱ ተለወጠ። ደስ አለኝ። እንደገና ሳስነሳው ግን ያው አዲሱ ውጤት ተመልሶ መጣ። አሥር ጊዜ እንዲበውዝ አደረግሁት። ሌላ ውጤት መጣ፤ ደግሜ ሳስነሳው እሱም ያው። የቀድሞውን አስታውሶ ይሆናል ብዬ ኤሌክትሪኩን ነቅዬ ምሳ ሰዓት ሙሉ ተውሁት። ስመለስ ያው ነው። ይህ ማሽን ወይ ፈጽሞ አይረሳም፣ ወይ ፈጽሞ አያስታውስም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለሰው ማስረዳት አሁንም ይቸግረኛል።

ሐሙስ መዝገበ ቃላት ተውሼ መጽሐፉን ገጽ በገጽ አነበብሁ። ስለ ዕጣ ቁጥር የሚናገረውን ገጽ ከሰዓት በኋላ አገኘሁት። አንዲት ቃል ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ፈለግኋት። «ዘር» ይላል።

ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነበር። ልጅ አልነበረንም። የታከለ እናት በየበዓሉ በዚችው ቃል ነበር የሚጠይቁኝ። መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁት። ተሳስቼ ሌላ ቃል ያየሁ መስሎኝ እንደገና ከፈትሁት። ያው ነው።

ብዙ ቆይቼ የተረዳሁት ይህን ያህል ነው። ማሽኑ ዕጣ አያወጣም። በሂሳብ አንዱን ቁጥር ከሌላው ይወልዳል። የመጀመሪያውን ቁጥር ሰው ካልሰጠው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ስለዚህ የሚወልደውም ሁልጊዜ ያው ነው። ያ የመጀመሪያ ቁጥር ዘር ይባላል። ጠይቅ ካላሉት ደግሞ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው መስመሬ አሥር ነበር። ከእሱ በፊት መስመር አምስት ብዬ አንዲት ትእዛዝ ጨመርሁ። ሳስነሳው ቆሞ ቁጥር ጠየቀኝ። አንድ ሰጠሁት፤ ሌላ ጨዋታ መጣ። ሁለት ሰጠሁት፤ ደግሞ ሌላ። እንደገና አንድ ሰጠሁት፤ የመጀመሪያው ተመልሶ መጣ። ለጓድ በለጠ እንዴት እንደማስረዳ አላወቅሁም።

ዓርብ በሦስት ሰዓት መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ካልሲያቸው ተረከዙ ላይ ተጠግኗል። ሁለቱን ወረቀትና ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘዋል። ፕሮግራሙን አስነሣሁ። ማሽኑ ጠየቀ።

«ምን ይላል?»

«ዘር ስጡኝ ይላል።»

«ዘር? ይህ ማሽን ዘር ይቆጥራል?»

«ቁጥር ነው ጓድ። መነሻ ቁጥር። እርስዎ ይስጡት።»

«ለምን እኔ?»

«እኔ ከሰጠሁት አውቃ ነው ይሉኛል።»

ይህ የገባቸው ይመስላል። ተማሪ በፈተና ቀን እንደሚያደርገው ኪቦርዱን በግራ መዳፋቸው ጋርደው፣ በቀኝ አንድ ጣታቸው ቁጥር መቱ። ሃያ ስድስቱ መስመር ወረደ። ከያዙት ወረቀት ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ኤክስ አደረጉ፤ ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ከደኑት። ሌላ ቁጥር ሰጡ፤ ሌላ መጣ።

«አሁን የታከለን ስም አውጥተሽ የእኔን አስገቢ» አሉ።

አስገባሁ። ቁጥር ሰጡ። የመጀመሪያው መስመር የእኔ ሆነ። ሁለተኛው ላይ ንጉሥ ደረሳቸው፤ እኔ ወታደር። ጎንበስ ብለው አነበቡት።

«በለጠ በለጠ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ግስ ነው» አሉ።

«ግስ ነው» አልሁ።

«አሥር ዓመት ግስ ያስተማርሁ ሰውዬ» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ጠቅላላው ስንት ለስንት ነው?»

«ዘጠኝ ለአሥራ አምስት። እኔ በልጫለሁ።»

«ሌላ ዘር ልስጠው።»

ሦስት ጊዜ ሰጡት። በሦስተኛው አሸነፉና ተነሡ። «ጨዋታ ነው ብዬ እጽፋለሁ» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።

ታከለ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ቀበቶውን በእጁ ይዞ ነበር። ውሃ አሙቄ ሰጠሁት፤ ታጠበ፤ በላ።

«ምን ጠየቁህ?» አልሁት።

«ካርታ ትጫወታለህ ወይ አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ሚስቴ ትበልጠኛለች አልኋቸው።»

ከዚህ ሌላ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ግን ሁሉን ነገርሁት፤ የጆንያውን፣ የአሱን፣ የበለጠ በለጠን። ማሽኑ ዘር መጠየቁን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ተወው። ጓድ በለጠ የመለሱልኝን ካርታ አመጣ። በጆከሮቹ መካከል ጤፍ ነበር። አራግፎ ያዘውና «እንግዲያው ዘር ስጪኝ» አለ። «አምስት» አልሁት። አምስት ጊዜ በወዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲያ ሆነ። ልጅ አልወለድንም። ቃሉ ግን በእኛ ቤት ሌላ ሥራ አገኘና መጉዳቱን ተወ። የታከለ እናት ሲጠይቁኝ እንኳ አንዳንዴ «ሰባት» ልላቸው ይቃጣኝ ነበር።

አቶ ዳኛቸው ሲመለሱ ነገሩን ሰሙ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ይቀረዋል ያልሁሽ እኮ እሱ ነበር» አሉኝ። «መስመር አምስት። ሳልነግርሽ የሄድሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ለማሠልጠን የሚመጣላቸውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነበር። ጓድ በለጠ በዓመቱ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ። ወሬያቸውን አልሰማሁም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ በማሽን ሥራ ላይ ቆየሁ። የሐይቁን ከፍታ የየወሩን አሰላሁ፤ ማሽኖቹ አምስት ጊዜ ተቀየሩ፤ አሥራ አራት ሰው አሠልጥኛለሁ። ለሁሉም የሰጠሁት የመጀመሪያ መልመጃ የካርታ ጨዋታ ነው። ታከለ እንግዳ ሲመጣ «እኔን ከእስር ያስፈታችኝ ሚስቴ ናት፤ በአንዲት መስመር» ይል ነበር። እኔም እንዲያ አምኜ ኖርሁ። በሥራዬ ስንት ነገር ቢሳሳትብኝ ይኸኛው አንዱ አልተሳሳተብኝም እል ነበር።

ባለፈው ወር የታከለን የጡረታ ወረቀት ስፈልግ የቱንቢውን ቁራጭ ገመድ ያስቀምጥበት ከነበረው ሣጥን ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የመፈቻው ትእዛዝ ነው። በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ ጓድ በለጠ በቀይ የፈረሙበት። «የተያዘው ወረቀት የካርታ ጨዋታ መሆኑ ስለተረጋገጠ ይለቀቅ» ይላል። ቀኑ ሐሙስ ነው።

ማሽኑ ፊት የተቀመጡት ዓርብ ነው። ሐሙስ እኔ ገና መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ ነበር።

ደጋግሜ አሰብሁት። ቀን ተሳስተው ይሆን? እሳቸው የሌላ ሰው ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማያልፉ ሰው ነበሩ። ጤፍ የለበሰውን ካርታ ካዩ በኋላ አምነውኝ ነበር? ከሆነ ዓርብ ለምን መጡ? ስማቸው ያለበት ነገር አዲስ አበባ እንዳይደርስ ፈርተው ይሆን የፈረሙት? ወይስ መጫወት አምሯቸው ነው የመጡት? የምጠይቀው ሰው የለም። ታከለ ያውቅ ነበር። ወረቀቱን የተቀበለው እሱ ነው፤ ቀኑን አይቶ በአራት ያጠፈውም እሱ ነው። «በአንዲት መስመር» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ሲያወራ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላረመኝም። ለምን እንደሆነ አንዳንድ ቀን የገባኝ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይገባኝም።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህ ነው። ለፕሮግራማችሁ ስም ስታወጡ የማያውቃችሁ ሰው ምን ብሎ እንደሚያነበው አስቡ። የመስመር ቁጥር የምትጽፉ ከሆነ ለረሳችሁት ቦታ ተዉ። ዕጣ የሚያወጣ ነገር ስትሠሩ ሁለት ጊዜ አስነሥታችሁ አስተያዩ። አንድ ከሆነ ተሳስታችኋል።

ያን ማክሰኞ ታከለ ደፍቶ ያስቀመጠውን ካርታ ሳልገልጠው ከቀረው ጋር ቀላቀልሁት። አሁን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ለብቻ የሚደረደረውን ጨዋታ እጫወታለሁ። ዘሩን የምሰጠውም የምበውዘውም እኔ ነኝ።